ቡቺን ጥሬ ሥጋ ላስለምደው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ፣ ከበርበሬ ወንዝ አካባቢ ነው። ቡቺ የሚባል የአራት ዓመት ውሻ አለን። ክብደቱ 20 ኪሎ ገደማ ነው። ሆዱ ምንም አይችልም። ዛሬ ደህና ይሆንና ነገ ያስቀምጠዋል። አንዳንድ ጠዋት ቢጫ አረፋ ያስታውካል። የሚበላው የኛን ትራፊ ነው፤ እንጀራ ከነወጡ። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ «ጥሬ ሥጋ ብቻ ስጡት፣ የኛ ውሻ በሱ ነው የተሻለው» አለኝ። ሰፈራችን ያለው ሥጋ ቤትም ሳንባና ጉበት በርካሽ ሊሰጠኝ ነው። እኛ ራሳችን ቁርጥ እንበላ የለ? ውሻን ምን ያደርገዋል ብዬ ልጀምር ስል ባለቤቴ «መጀመሪያ ሐኪም ጠይቂ» አለኝ። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉን።

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽ ደግ መክሮሻል። ሳንባውንና ጉበቱን ጥሬውን እንዳትሰጪው። ሥጋ መብላቱን አልቃወምም። ቀቅለሽ ስጪው ነው የምልሽ።

ቄራ ውስጥ ሥጋ ስመረምር የቆየሁ ሰው ነኝ። የበግ ወይም የከብት ሳንባ በቢላ ሲሰነጠቅ፣ ጥርት ያለ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አንዳንዱ አተር ያክላል፣ አንዳንዱ ከብርቱካን ይበልጣል። በሕክምናው ሃይዳቲድ ይባላል። ውስጡ ያለው የአንዲት ትንሽ የኮሶ ትል እጭ ነው። ውሻ ያንን ጥሬውን ሲበላ ትሏ አንጀቱ ውስጥ ታድጋለች። ርዝመቷ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ አታያትም። ውሻውም አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይመስለው። ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ግን እንቁላሏ ከዓይነ ምድሩ ጋር መውጣት ይጀምራል። አፈር ላይ ይቀራል፣ ጎመን ላይ ይቀራል፣ ፀጉሩም ላይ ይጣበቃል። ልጆችሽ ቡቺን ሲያሻሹ ውለው እጃቸውን ሳይታጠቡ ቢጎርሱ ወደ ሆዳቸው ይገባል። ከዚያ በጉበት ወይም በሳንባ ላይ ያው የውሃ ከረጢት ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል። ብዙ ጊዜ የሚወጣውም በቀዶ ሕክምና ነው። አጥብቄ የምናገረው ለዚህ ነው።

ስለ ቁርጥ ያነሳሽው ጥያቄ ተገቢ ነው። ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ሰው ከቁርጥ የሚይዘው ኮሶ ሌላ ዓይነት ነው። በመድኃኒት ይወጣል። የሳንባውን ከረጢት ደግሞ ሰው ቢበላው እንኳ አይዘውም። የሚያዘው ከውሻ በሚወጣው እንቁላል ነው። ስለዚህ ውሻው ጥሬ ሳንባና ጉበት ካልበላ ነገሩ እዚያው ያበቃል። የምፈራው ደግሞ የበዓሉን ነው። በአረፋም በፋሲካም ግቢያችን ውስጥ እናርዳለን። መርማሪ አያየውም። ሳንባው ተቆርጦ አጥር ጥግ ይጣልና የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይቀራመተዋል። እባካችሁ ውሻ የማይደርስበት ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት። ለውሻ መስጠት ካለባችሁም ቆራርጣችሁ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይፍላ።

ወንድምሽ አልዋሸሽም። እሱ ያለበት አገር ለውሻ የሚሸጠው ጥሬ ሥጋ ብዙው ታሽጎ የበረደ ነው። ያም ሆኖ የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ጥሬውን አይመክርም። ሳልሞኔላና መሰል ጀርሞችን ብርዱ አይገድላቸውምና። እኛ ዘንድ ደግሞ መብራት ይጠፋል። ደሴ ላይ ከጦሳ ተራራ ሥር ሥጋ ትንሽ ይታገሣል፤ በኮምቦልቻ ሙቀት ግን ወዲያው ይበላሻል።

አሁን ወደ ሆዱ። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ወጡን ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም ለውሻ መርዝ ናቸው፤ ቀይ የደም ሴሉን ያፈርሳሉ። በርበሬውና ቅቤው ደግሞ ሆዱን ያስቆጡታል። የበግ ላትም እንዲሁ ነው፤ ለውሻ ማዘን መስሎን የምንወረውረው ጮማ ቆሽቱን ሊያሳብጠው ይችላል። ቢጫው አረፋ ሐሞት ነው። ሆዱ ሌሊቱን ባዶ ሲያድር የሚመጣ ነውና ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ትንሽ አቅምሺው።

ምግቡን ከመቀየርሽ በፊት ትኩስ ዓይነ ምድሩን በንጹሕ ዕቃ ይዘሽ እንስሳት ክሊኒክ አስመርምሪ። ተራ የአንጀት ትል ከሆነ በምግብ ለውጥ አይድንም። ፕራዚኳንቴል የሚባለውንም የኮሶ ኪኒን ጠይቂ። በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ነው፣ ለቡቺ 100 ሚሊ ግራም ማለት ነው። እስካሁን ጥሬ ሆድ ዕቃ የሚያገኝ ከነበረ በየስድስት ሳምንቱ ይደገምለት።

ከዚያ ቆዳው የወጣለት ዶሮ ወይም ጮማ የሌለው የበሬ ሥጋ ከሩዝ ጋር ቀቅይለት። ጨው የለ፣ ሽንኩርት የለ፣ ዘይት የለ። ሥጋው ከሩዙ ይብለጥ። ካሮት ብትጨምሪ ጥሩ ነው። በቀን ከ400 እስከ 600 ግራም ይበቃዋል፤ ሦስት ቦታ ክፈይው። በአንዴ አትቀይሪበት። ሦስት ቀን ሩቡ አዲስ ምግብ ይሁን፣ ሦስት ቀን ግማሹ፣ ሦስት ቀን ሦስት አራተኛው። የቀረውን ባዶ እንጀራ ሙይው፤ ወጥ እንዳይነካው። መሐል ላይ ካስቀመጠው ወደ ኋላ ተመለሽና ቀስ በይ። ጉበት ከወደደ የተቀቀለ ትንሽ ቁራጭ አልፎ አልፎ ይብላ፤ ሲበዛ ቫይታሚን ኤው ይጎዳዋል። ሥጋ ካልሲየሙ በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ ሆዱ ሲረጋጋ የእንቁላል ቅርፊት አጥበሽ፣ አድርቀሽና አልመሽ፣ ለግማሽ ኪሎ ሥጋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨምሪበት። የተቀቀለ አጥንት ግን በፍጹም። የዶሮው በተለይ እንደ መርፌ ይሰነጠቃል።

ዓይነ ምድሩ ላይ ደም ካየሽ፣ ውሃ እንኳ አልረጋለት ካለ፣ ወይም ሆዱ ተነፍቶ ካጎነበሰ፣ ምግቡን ተይውና በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰጂው።