«10 ዓመት ታመው ወይስ 6 ዓመት በጤና?»

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። እናቴ የምትኖረው መሐል ሜዳ ነው። ጉልበቷን ካመማት ቆይቷል። ሰሞኑን ለጥናት የመጣች ልጅ ቤት ድረስ መጥታ ስትጠይቃት ነበር። ስለ መራመድ፣ ስለ መታጠብ ምናምን ጠየቀቻትና በመጨረሻ «እንዲህ ታመው 10 ዓመት ከሚኖሩና ሙሉ ጤነኛ ሆነው 6 ዓመት ከሚኖሩ የቱን ይመርጣሉ?» አለቻት። እናቴ አማተበች። «ዕድሜ የሚሰጥ እሱ ነው፣ እኔ ምን አገባኝ» ብላ ዝም አለች። እስካሁን ቅር እንዳላት ነው። እንዲህ ያለ ነገር የታመመ ሰው ይጠየቃል? ለምንስ ይጠቅማል?
ልጇ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር እናትዎን ይማርልን። ቅር ቢላቸው አይገርምም። ሥራዬ የጤና ኢኮኖሚክስ ጥናት ነው፤ ያደግሁትም እዚያው ሰሜን ሸዋ ነው። ይህን መጠይቅ ይዤ ቤት ለቤት ስዞር፣ እዚህ ጥያቄ ላይ ስንደርስ የብዙ እናቶች ፊት ሲለወጥ አይቻለሁ።

የማንም ዕድሜ አይቀነስም። ጥያቄው ስለ እናትዎ ሕመምም ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ወረቀት ላይ የተጻፈ የሕመም ሁኔታ ይነበብና መላሹ በዚያ ሁኔታ ውስጥ እንዳለ አስቦ እንዲመርጥ ይጠየቃል። ጤነኛ ሰውም ይጠየቃል። ይህ በደንብ ሳይብራራ ወደ ዓመት ቆጠራ መግባት ግን ልክ አይደለም። እናትዎ ዝም ማለታቸው መብታቸው ነው፤ አልመልስም ያለ ሰው ሕክምናው አይነካበትም።

ለምን ይጠየቃል? የሞተ ሰው ይቆጠራል። ጉልበቱን ታሞ ቤት የዋለ ሰው ግን ማንም ሳይቆጥረው ይኖራል። እኔን እዚህ ሙያ ላይ ያቆየኝም ይኸው ነው። ሰዎች «በጤና 6 ዓመት መኖርና በዚያ ሕመም 10 ዓመት መኖር ለእኔ እኩል ነው» ካሉ፣ ለዚያ ሁኔታ 0.6 ይሰጠዋል። ሙሉ ጤና 1፣ ሞት 0 ነው። ከሞት ይብሳል የተባለ ሁኔታ ከ0 በታች ይወርዳል። አሁን አንድ ሕክምና ያንን 0.6 ወደ 0.8 አሳደገው እንበል። በ10 ዓመት ውስጥ 6 የነበረው 8 ይሆናል። በዚህ ከሞት የተረፈ ሰው የለም፤ ሁለት ሙሉ የጤና ዓመት ግን ተገኘ። ገንዘብ የሚመድበው ሰው ፊት ይህን ቁጥር ማስቀመጥ ይቻላል።

መጀመሪያ የተጠየቁት ደግሞ ኢኪው ፋይቭ ዲ የሚባለው መጠይቅ ይመስለኛል። በ1987 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዩሮኮል የተባለ የተመራማሪዎች ቡድን ያዘጋጀው ነው። ስለ አምስት ነገር ይጠይቃል፦ መራመድ፣ ራስን መንከባከብ፣ የዕለት ሥራ፣ ሕመም፣ ጭንቀት። አሁን በብዛት በምንሠራበት ቅጂ እያንዳንዱ አምስት ደረጃ አለው። ሲቀናጁ 3,125 የጤና ሁኔታዎች ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ እንደ ቅድሙ 0.6 ያለ ስንት ቁጥር እንደሚሰጥ የሚናገር፣ ከኢትዮጵያውያን መልስ የተሠራ ሰንጠረዥ በ2020 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በዚህ በጣም ደስ ይለኛል። ጠጉር የምትፈትል፣ ዳገት ወጥታ ውኃ የምትቀዳ የመንዝ ሴት ድካም በለንደን ሰው ሚዛን መለካት የለበትም።

አሁን ስለኛ አገር ሰው ልንገርዎ። «እንዴት ነዎት?» ሲባል መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፤ ቢታመምም ባይታመምም። አንድ ቀበሌ ውስጥ ዝሆኔ የያዛቸው እናት አገኘሁ። በትንኝ የሚተላለፈው ሳይሆን፣ በቀይ አፈር ላይ ባዶ እግር ለዓመታት በመሄድ የሚመጣው ነው። ሁሉንም ጥያቄ በምስጋና መለሱልኝ። ወረቀቱን አስቀምጬ ቡና ስንጠጣ ነው ማኅበር መሄድ መተዋቸውን የነገሩኝ። ሰው አጠገባቸው መቀመጥ ይፀየፋል። አምስቱ ጥያቄዎች ውስጥ ማኅበር ስሙም የለም። ለእኔ የመጠይቁ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። እኛ ዘንድ ከሰው መለየት ራሱ ሕመም ነው።

ቁጥሩ ብቻውን እንዲወስንም አልፈልግም። በ2019 እ.ኤ.አ. የተከለሰው የአገራችን መሠረታዊ የጤና አገልግሎቶች ፓኬጅ (ለሕዝቡ እንዲሰጡ የተመረጡ አገልግሎቶች ዝርዝር) ወጪና ጥቅምን ሲያመዛዝን፣ ፍትሐዊነትንና ቤተሰብን ከሕክምና ወጪ ድህነት መጠበቅንም ከመስፈርቶቹ ቆጥሯል። እንዲህ ነው መሆን ያለበት።

ሌላ ጊዜ ጠያቂ ከመጣ እናትዎ ራሳቸው ይመልሱ፤ እርስዎ አይመልሱላቸው። እኛ ልጆች የወላጆቻችንን ሕመም ወይ እናሳንሳለን ወይ እናጋንናለን። ጥናቱ ለምን እንደሚሠራና ማን እንደሚሠራው መጠየቅም መብታቸው ነው።

ጉልበታቸውን ግን መጠይቅ አያሽለውም። ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ መታወቂያውን አይርሱ፤ ዓመቱ ሲያልቅም በጊዜ ያሳድሱላቸው።