እስከዚያው ቀትር ይሆናል

ልጆቼ፣

በቅርቡ አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ድባቴ የያዘኝ ሥራ ስላጣሁ ነው ወይስ ሥራ ያጣሁት ድባቴ ስለያዘኝ ነው?» ጥያቄው የቆየ ጸጸቴን ቀሰቀሰብኝ። በሥነ አእምሮ ሙያ ለረጅም ዓመታት መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ እንቅልፍና ስለ ምግብ ፍላጎት ነበር። «ትናንት ቀኑን በምን ዋልክ? ቤታችሁ ገንዘብ ከየት ይገባል?» ማለትን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የሚቆጨኝም እኔ ከመወለዴ በፊት ተጠንቶ የተቀመጠ ጉዳይ መሆኑ ነው።

ማሪየንታል ከቪየና ብዙም የማይርቅ የኦስትሪያ መንደር ነው። መንደሩ በሙሉ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይኖር ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1929 አጋማሽ ጀምሮ ፋብሪካው በየክፍሉ መዘጋት ጀመረ፤ በ1930 መጀመሪያ ላይ ጭራሹን ቆመ። ከ478 ቤተሰብ አብዛኛው ሥራ አልባ ሆነ። በ1931 መጨረሻ ተመራማሪዎቹ ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል ከባልደረቦቻቸው ጋር ሊያጠኑት ሄዱ። ያሆዳ ያኔ 24 ዓመቷ ነበር። መጀመሪያ ያሰቡት ሠራተኞች ትርፍ ጊዜያቸውን በምን እንደሚያሳልፉ ማጥናት ሲሆን ወደ ሥራ አጥነት የመራቸው የኦስትሪያ ሶሻል ዴሞክራቶች ፓርቲ መሪ ኦቶ ባወር ነው።

ትርፍ ጊዜማ ማሪየንታል ሞልቶ ነበር። የመንደሩ ቤተ መጻሕፍት የውሰት ክፍያውን አነሳ፤ ሰውም ጊዜ አገኘ። የሚዋሱት መጻሕፍት ቁጥር ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። ተመራማሪዎቹ በመስኮት ሆነው መንገደኛውን ተመለከቱ፦ ወንዶቹ ቀስ ብለው ይራመዳሉ፣ ደጋግመው ይቆማሉ። ሴቶቹ ፈጠን ይላሉ፤ ምግብ የሚያበስሉት፣ የሚያጥቡት፣ የሚጠግኑት እነሱ ናቸውና ቀናቸው ቅርጽ አልጠፋውም። እንዲያም ሆኖ ድካሙ እንደሚበዛባቸው እያወቁ ወደ ፋብሪካው መመለስን ይመኙ ነበር፤ ለገንዘቡ ብቻ አልነበረም።

ሰዎቹ ቀናቸውን በየሰዓቱ እንዲመዘግቡ ቅጽ ተሰጣቸው። ከአእምሮዬ የማይወጣው የአንድ አባት ቅጽ ነው። ማለዳ ልጆቹን ለትምህርት ይቀሰቅሳል። ሲሄዱለት እንጨትና ውኃ ያመጣል። ሲመለስ ሚስቱ «ምን ላብስል?» ትለዋለች፤ ጥያቄዋን ሽሽት ወደ ሜዳ ይወጣል። ከ4 እስከ 5 ሰዓት ባለው መስመር ላይ የጻፈው «እስከዚያው ቀትር ይሆናል» የሚል ብቻ ነው። ከ5 እስከ 6 ያለው ባዶ ነው። ሰውየው ሰነፍ አይደለም። ሰዓት ለሰዓት የሚያያይዘው ገመድ ስለተበጠሰበት፣ ከእንጨቱና ከውኃው በቀር የሚጻፍ ነገር አላገኘም።

ይህን ሳነብ ትዝ የሚለኝ በአራተኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኤቫግሪዮስ ነው። መነኩሴን በቀትር የሚፈትነውን መሰልቸት ሲገልጽ፣ ፀሐይ የቆመች፣ ቀኑም 50 ሰዓት የሚረዝም ያስመስልበታል ይላል። መነኩሴው ዘጠኝ ሰዓት ደረሰ አልደረሰ እያለ ደጋግሞ ፀሐይዋን ያያል። ኤቫግሪዮስ ለዚህ ፈተና የሰጠውን ስም የወሰደው ከመዝሙር 90 ነው፤ ግእዙ «ጋኔነ ቀትር» የሚለው። እንግሊዞች የኢኮኖሚውንም የመንፈሱንም ውድቀት በአንድ ቃል፣ «ዲፕሬሽን» ብለው ይጠሩታል። እኛ አንዱን ድቀት፣ ሌላውን ድባቴ ብለን ለያየናቸው፤ ማሪየንታል ላይ ግን በአንድ ቤት ያድሩ ነበር።

ምን ያህል እንደተጣመሩ በያኔው የኦስትሪያ ገንዘብ፣ በሺሊንግ ተቆጥሯል። ተመራማሪዎቹ ቤተሰቦቹን በአራት መደቧቸው፦ ያልተሰበሩ፣ እጃቸውን የሰጡ፣ ተስፋ የቆረጡና ሁሉም ነገር ምንም የማይመስላቸው። ለአንድ ሰው የሚደርሰው የወር ገቢ በቅደም ተከተል በአማካይ 34፣ 30፣ 25 እና 19 ሺሊንግ ነበር። በተስፋና በተስፋ ማጣት መካከል ያለው ልዩነት ዘጠኝ ሺሊንግ ነው። ስለዚህ «አስተሳሰብህን ቀይር» የሚላችሁን ሰው ዝም ብላችሁ አትቀበሉት። ገንዘብ ያጣ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ገንዘብ ነው።

ይህን ብዬ ስለ ሰዓት ልመክራችሁ ነው፤ እርስ በርሱ የሚጋጭ ቢመስልም ሁለቱንም አምንበታለሁ። በጊዜ ተኙ፣ ተንቀሳቀሱ የሚለውን ሁሉም ስለሚነግራችሁ እተወዋለሁ። ወረቀት ላይ ለሰባት ቀን ሰባት ዓምድ፣ ለምትነቁበት ለእያንዳንዱ ሰዓት አንድ መስመር አስምሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ለመለወጥ አትሞክሩ፤ ያደረጋችሁትን በዚያው ቀን ጻፉ። በማግስቱ የሚጻፍ ከሆነ ድባቴው ራሱ ይጽፈዋል፤ ሁሉንም ያጨልመዋል። በእያንዳንዱ አጠገብ ከ0 እስከ 10 ሁለት ቁጥር አድርጉ፦ ምን ያህል ደስ አላችሁ? ምን ያህል «ይህን ሠራሁ» አሰኛችሁ? ልብስ ማጠብ በመጀመሪያው 1፣ በሁለተኛው 6 ሊያገኝ ይችላል። የእናንተ ትውልድ ስልክ ላይ የሚያሳልፈው ሦስት ሰዓት ብዙ ጊዜ በሁለቱም ዝቅ ይላል፤ ግን እኔን አትመኑ፣ ቁጥራችሁን እዩ።

በሁለተኛው ሳምንት በባዶዎቹ ሰዓቶች ውስጥ በቀን ሁለት ነገር አስገቡ፤ እያንዳንዱ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ የሚፈጅ ይሁን። ከሁለቱ አንዱ ከሌላ ሰው ጋር የሚደረግ ቢሆን ይመረጣል። ብዙው ሰው የሚሰናከለው «ሥራ መፈለግ» ብሎ ሲጽፍ ነው፤ የት እንደሚጀመር አይታወቅም። «ማክሰኞ በ4 ሰዓት የሥራ ልምዴን የመጀመሪያ ገጽ አስተካክላለሁ» በሉ። ሁለተኛው መሰናክል ፍላጎት እስኪመጣ መጠበቅ ነው፤ በድባቴ ጊዜ ፍላጎት የሚመጣው ከድርጊቱ በኋላ ነው፣ እሱም ወዲያው አይደለም። ያቀዳችሁት ካልሆነ 20ውን ደቂቃ 10 አድርጉት እንጂ ለካሳ ብላችሁ በማግስቱ እጥፍ አትጫኑ።

አንድ የከፋ ከሰዓት በኋላ ሁሉ ድባቴ ሲባል መስማት ይከብደኛል። ሆኖም ዝም ብሎ ከመታመን ይሻላል፤ የእኛ ዘመን ሰው ስሙን እንኳ አይጠራውም ነበር። መለኪያው ይህ ነው፦ ሐዘን ወይም ፍላጎት ማጣት ለሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ከቆየ፣ ከእንቅልፍ፣ ከምግብ፣ ከድካም ወይም ከትኩረት መዛባት ጋር ተደርቦ ከኑሮ ካገዳችሁ ባለሙያ ዘንድ ሂዱ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን ሁለት ሳምንት የሚባል የለም፤ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ተናገሩ፣ ብቻችሁን አትሁኑ፣ ወደ ሕክምና ሂዱ። መድኃኒት ከታዘዘላችሁ የጎንዮሽ ጉዳቱ ቀድሞ ይመጣል፤ ጥቅሙ ለመሰማት ብዙ ጊዜ ሳምንታት ይወስዳል። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው በዚሁ መሐል ነው። ሲሻላችሁም ከሐኪሙ ጋር ሳትነጋገሩ በድንገት አታቁሙ።

አንተ ለጠየቅኸኝ ልጅ ደግሞ፣ የትኛው እንደቀደመ አሁን ልነግርህ አልችልም። ስንገናኝ የአንድ ሳምንት ወረቀትህን ይዘህ ና። ከ5 እስከ 6 ምንም ካላደረግህ፣ እንደዚያ አባት ባዶውን ተወው፤ ለእኔ ብለህ አትሙላው።