ኤፍአር4 ወይስ ሮጀርስ? ለጠየቅከው

ወንድሜ፣ «ለመመረቂያ ሥራዬ የ5.8 ጊጋኸርዝ ማይክሮስትሪፕ ፊልተር በኤፍአር4 ላሠራ ወይስ ሮጀርስ ልግዛ?» ብለሃል። ሮጀርስ ግዛ። (ኤፍአር4 ከመስታወት ጨርቅና ከሬዚን የሚሠራው የተለመደው ርካሽ የሰርኪዩት ቦርድ ዕቃ ነው፣ ሮጀርስ ደግሞ ለከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራው፤ ማይክሮስትሪፕ ፊልተር ማለት ቦርዱ ላይ በታተሙ የመዳብ መስመሮች የተፈለገውን ፍሪኩዌንሲ ብቻ የሚያሳልፍ ነው።) ዋጋው እንደሚያስደነግጥ አውቃለሁ። ግን ኤፍአር4 ያሳየኝን ልንገርህና አንተው ፍረድ።

1. ብክነቱን አትናቀው። የኤፍአር4 ሎስ ታንጀንት (ዕቃው ከሲግናሉ ምን ያህል እንደሚያባክን የሚያሳየው ቁጥር) 0.02 አካባቢ ነው፣ የአርኦ4350ቢ (የሮጀርስ አንዱ ዓይነት) ደግሞ 0.0037። በ5.8 ጊጋኸርዝ ላይ ኤፍአር4 በየሴንቲ ሜትሩ ወደ 0.2 ዲቢ (ዴሲቤል) ይበላል። ለአጭር መስመር ምንም አይደለም። ፊልተር ውስጥ ግን ሲግናሉ ሬዞኔተሮቹ (በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሚያስተጋቡት መስመሮች) ላይ ሲመላለስ ስለሚቆይ ብክነቱ ይባዛል። ባንድህ (ፊልተሩ የሚያሳልፈው የፍሪኩዌንሲ ክልል) ጠባብ ከሆነማ አለቀልህ።

2. የባሰው ጣጣ ግን ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንቱ ነው፤ ሞገዱ ዕቃው ውስጥ ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚወስነው ቁጥር፣ ከፍ ሲል የፊልተርህ ፍሪኩዌንሲ ይወርዳል። ኤፍአር4 አንድ ወጥ ዕቃ አይደለም፤ እንደ ሬዚኑ መጠንና እንደ መስታወት ጨርቁ ሽመና ከ4.2 እስከ 4.7 ገደማ ይዋልላል። የእኔ የመጀመሪያ ቦርድ 5.8 ላይ ቁጭ አለልኝ። ያንኑ ፋይል ለዚያው የቻይና ፋብሪካ መልሼ ላክሁ። ሁለተኛው ዙር ሲመጣ 5.6 ላይ ወርዷል! የመስመሩ ስፋት በማይክሮስኮፕ ሲታይ ያው፣ ውፍረቱ ያው፣ ኮኔክተሩም ያው። ብጽፍላቸው ሻጯ «ኤፍአር4 አዘዝክ፣ ኤፍአር4 ላክንልህ» ብላ ዘጋችኝ። ላሚኔቱን (ቦርዱ የሚሠራበትን ጥሬ ሉህ) ከማን እንደገዙት ስጠይቃትማ ጭራሽ ጭጭ።

ደግነቱ ቦርዱ ጥግ ላይ ሪንግ ሬዞኔተር (ቀለበት ቅርጽ ያለው የመዳብ መስመር) አስቀምጬ ነበር። የቀለበቱ ዙሪያ ከአንድ ሙሉ የሞገድ ርዝመት ጋር እኩል የሚሆንበትን ፍሪኩዌንሲ በቪኤንኤ (ሲግናል በየፍሪኩዌንሲው እንዴት እንደሚያልፍ በሚለካ መሣሪያ) ለካሁና ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንቱን ወደ ኋላ አሰላሁ። የመጀመሪያው ዙር 4.2፣ ሁለተኛው 4.5። ሁለቱን ግራፍ ጎን ለጎን አድርጌ ላክሁላት። ያኔ «አቅራቢ ቀይረናል» የምትል አንዲት መስመር መጣች። ገንዘቤን ግን እስካሁን አልመለሱም። ላብ ውስጥ ግን ቀለበቷን ሳስቀምጥ «ቦታ ማባከን ነው» ሲሉኝ የነበሩት ሁሉ ዛሬ ፋይሉን ላክልን ይሉኛል፣ እሰይ።

3. አርኦ4350ቢ ሮጀርስ ስትገዛ ዳታሺቱ (የዕቃው መረጃ ወረቀት) ላይ ለዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንት ሁለት ቁጥር ታያለህ፣ 3.48 እና 3.66። ለዲዛይን የሚሆንህ 3.66 ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አይቶ ሲሙሌሽኑ ውስጥ ይከተዋል። የኤፍአር4ን ፋይል እንዳለ እንዳትልከውም፤ በ1.6 ሚሊ ሜትር ኤፍአር4 የ50 ኦም መስመር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል፣ በ0.508 ሚሊ ሜትር አርኦ4350ቢ ግን 1.1 ብቻ ነው። መስመሮቹ ላይ ሶልደር ማስክ (ቦርዱን የሚሸፍነው የመከላከያ ቀለም) አታስቀባ። ትዕዛዙ ላይ የላሚኔቱን ስምና ውፍረት በግልጽ ጻፍ፣ «ወይም ተመሳሳይ» የምትለዋን ነገር አጥፋት።

አማካሪህ በግድ ኤፍአር4 ካለህ ቢያንስ ቀለበቷን ጨምር። ዲያሜትሯ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት፣ የትም ትገባለች።