አኩፓንክቸር መታከም ኃጢአት ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው አሜሪካ ነው። ወገቤን ለረጅም ጊዜ ሲያመኝ ቆይቶ ሐኪሜ አኩፓንክቸር (ቆዳን በቀጫጭን መርፌዎች በመውጋት የሚሰጥ የቻይና ሕክምና) ወደሚሠራ ባለሙያ ላከኝ። መርፌው አሻለኝ። ባለሙያው ግን «ቺ የሚባለው የሕይወት ኃይል ተዘግቶብሽ ነበር፤ አሁን ተከፈተ» አለኝ። አንዲት የማኅበራችን እኅት ይህን ሰምታ «በመርፌው ቀዳዳ ባዕድ መንፈስ ይገባብሻል፤ ተዪው» አለችኝ። ሌላዋ ደግሞ «ቺ ማለት እኛ መንፈስ ቅዱስ የምንለው ነው፤ ምንም አይደል» ትላለች። የትኛዋን ልስማ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ጤናሽን ይመልስልሽ። ሁለቱንም አትስሚ።

የመጀመሪያውን ፍርሃት ከብዙ ምእመናን ሰምቼዋለሁ። ርኩስ መንፈስ እንደ ተሕዋስያን በቆዳ ቀዳዳ የሚገባ ይመስላቸዋል። እንዲያ ቢሆን የስኳር ሕመምተኛ በየቀኑ ኢንሱሊን ሲወጋ ምን ሊሆን ነው? ጌታችን ከውጭ ወደ ሰው የሚገባ ሊያረክሰው እንደማይችል፣ የሚያረክሰው ከልብ የሚወጣው እንደሆነ አስተምሯል (ማር. 7፥15)። የተናገረው ስለ ምግብ ቢሆንም ፍርዱ ለመርፌም ይሠራል። ጠላት በር የሚያገኘው በልብ ፈቃድ ነው።

አንዳንዶች «ከማያምኑ አገር የመጣ ነው» የሚሉትም አያስኬድም። በቆላ ወባ ይዞት በኳርተም የዳነ ስንት ወገን አለን! በኳርተም ውስጥ ያለው መድኃኒት መነሻው በቻይና የታወቀ ዕፅ ነው። ቱ ዩዩ የተባለችው ቻይናዊት ተመራማሪ ጌ ሆንግ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከጻፈው የሕክምና መጽሐፍ ፍንጭ አግኝታ አርቲሚሲኒን የተባለውን መድኃኒት አወጣች፤ ለዚህም በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጣት። ሲራክ እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረ፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ሲናገር (ሲራ. 38፥4) የአንድን አገር ምድር ለይቶ አልጠራም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሁለተኛዋ እኅት ቃል ነው፤ ለስላሳ ስለሆነ ማንም አይጠነቀቀውም። የቻይና ጥንታውያን ሐኪሞች ቺ በ12 ዋና መስመሮች በሰውነት ይዘዋወራል፣ ዪንና ያንግ የተባሉት ተቃራኒዎች ሲዛቡ ሰው ይታመማል ብለው አስተማሩ። ፍጥረትንም በእንጨት፣ በእሳት፣ በአፈር፣ በብረትና በውሃ ይመድቡታል። ይህ አመዳደብ ብቻውን አያስደንግጥሽ፤ የእኛም አበው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከእሳትና ከነፋስ ተፈጠረ ይላሉ። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። ቺ በሰማይ፣ በምድርና በሰው ውስጥ የሚመላለስ አንድ ኃይል ነው ይባላል። አይሰማሽም፣ አይወድሽም፣ ይቅር አይልሽም። መንፈስ ቅዱስ ግን ከአብና ከወልድ ጋር የሚሰገድለት ጌታ ነው። የፍጥረት ኃይልን በፈጣሪ ስም መጥራት የዋህነት አይደለም፤ ክሕደት ነው። በዚህ አላመቻምችም።

ደግሞም መርፌው እንዲያሽልሽ ትምህርቱን መቀበል አያስፈልግሽም። አኩፓንክቸር ሥር ለሰደደ ሕመም መጠነኛ ፋታ እንደሚሰጥ ጥናቶች ያሳያሉ፤ ነገር ግን መርፌው ከተለመዱት ነጥቦች ውጭ ሲወጋም ልዩነቱ ትንሽ ነው። በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን፣ ሜዲኬርም፣ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም የሚከፍለው ለሕክምናው እንጂ ለፍልስፍናው አይደለም።

ሐዋርያው ጳውሎስ በገበያ የሚሸጠውን ሥጋ ሳትጠያየቁ ብሉ ካለ በኋላ፣ «ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው» ቢሏችሁ ግን አትብሉ ይላል (1ቆሮ. 10፥25-28)። አንቺም በዚሁ ሂጂ። ባለሙያው ስለ ቺ ቢያወራ ስሚና እለፊው። ዕጣን አጢሶ መንፈስ ቢጠራ፣ ወይም «አእምሮሽን ባዶ አድርገሽ ለኃይሉ ክፈቺ» ቢልሽ ግን ተነሺና ውጪ።

ዱቄትና ሽሮፕ ቢሰጥሽ ምን እንደሆነ ሳትጠይቂ አትውሰጂ። ኤጂያኦ የሚሉት መድኃኒት ከአህያ ቆዳ የሚቀቀል ነው፤ በቢሾፍቱ የነበረው የአህያ ቄራ በ2009 ዓ.ም. ሕዝቡ ተቃውሞ የተዘጋ መሆኑን ታስታውሺ ይሆናል። አሪስቶሎክያ የተባለው ዕፅ ደግሞ ኩላሊት ያበላሻል። የምትወስጂውን ሁሉ ለሐኪምሽ ንገሪው፤ ባለሙያው ፈቃድ ያለው፣ መርፌውም አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል መሆኑን አረጋግጪ።

ቀጠሮሽን ከምትቆርቢበት ቀን አርቂው፤ መርፌው ደም ሊያወጣ ይችላልና። ለንስሐ አባትሽም ሳትፈሪ ንገሪያቸው። ያችን የፈራች እኅት አትቀየሚያት፤ ያናገራት ለነፍስሽ ማሰቧ ነው። «ቺ መንፈስ ቅዱስ ነው» ያለችሽን ግን ሳትውይ ሳታድሪ አነጋግሪያት፤ ከቻልሽም ወደ እኔ አምጫት።