የተዛወረው የታብሌት መስመርና የሚገለባበጠው የክፍል ግፊት

ጥያቄ፦ ከሁለት መድኃኒት ፋብሪካዎች ውህደት በኋላ አዲስ አበባ የነበረው የታብሌት መስመር ከነአቧራ መምጠጫውና ከነቺለሩ (ውሃ አቀዝቅዞ ለአየር ማቀዝቀዣው የሚሰጥ ማሽን) ድሬዳዋ ወዳለው ሕንፃችን ተዛውሯል። ዱቄቱ ተጭኖ ታብሌት የሚሆንበት የፕሬስ ክፍል 6 በ5 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር ነው። የኮሪደሩ ግፊት ከክፍሉ በ15 ፓስካል እንዲበልጥ ተስተካክሎ ነበር፤ አሁን ግን ንባቡ በቀን ብዙ ጊዜ ይገለበጣል። የመምጠጫው ሞተር እኩለ ቀን ላይ በኦቨርሎድ (ከልክ ባለፈ ጭነት ሞተሩን በሚያቆመው መከላከያ) ይቆማል። ከሰዓት በኋላ የክፍሉ እርጥበት ወደ 60 በመቶ ይጠጋና ዱቄቱ ፓንች (ታብሌቱን የሚጫነው ብረት) ላይ ይጣበቃል። ተቋራጩ ትልቅ ቺለር ግዙ ይላል። እንግዛ? (የጥገና ክፍል ኃላፊ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ገና አይግዙ። የዘረዘሯቸው ሦስት ችግሮች ለየብቻ የመጡ አይመስሉም። ለአንድ ከተማ አየር የተመረጠ መሣሪያ ሌላ ከተማ ገብቷል፤ የክፍሉ የአየር ሚዛንም መምጠጫው ሲሠራና ሲቆም ያለውን ልዩነት ሳያገናዝብ ተስተካክሏል። ትልቅ ቺለር ሁለተኛውን ፈጽሞ አይፈታውም።

ከሞተሩ ይጀምሩ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ። አንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር እዚያ 0.9 ኪሎግራም አካባቢ ሲመዝን እዚህ 1.03 ኪሎግራም ይጠጋል። ፋን በተመሳሳይ ፍጥነት ሲዞር በሰዓት የሚያንቀሳቅሰው ኪዩቢክ ሜትር አይለወጥም፤ የአየሩ ክብደት ግን በ14 በመቶ ያህል ስለጨመረ የሚጠይቀው ኃይልም በዚያው ልክ ያድጋል። አዲስ አበባ ላይ በአቅሙ 95 በመቶ ይሠራ የነበረ ሞተር እዚህ 108 በመቶ ይጫናል ማለት ነው። በቀትር መቆሙም አይገርምም፦ መደበኛ ሞተር የሚሠራው እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ለሚደርስ የአካባቢ ሙቀት ነው፤ በፀሐይ የጋለ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም የታፈነ ፓነል ውስጥ ያ ገደብ ቶሎ ይታለፋል።

የኦቨርሎዱን መቼት ከፍ አድርጎ ማለፍ የተለመደ ነው፤ እባክዎ አያድርጉት። ሞተሩ ይቃጠላል፣ ሲቃጠል ደግሞ የክፍሉ ግፊት አብሮት ይሄዳል። በክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ አምፔር በሚለካ መሣሪያ) ሦስቱንም ፌዝ ለክተው ሞተሩ ላይ ከተለጠፈው ሰሌዳ ጋር ያስተያዩ። ኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት የሚቀይር መሣሪያ) ካለው ወደ 48 ኸርዝ ያውርዱት፤ በቺንጋ የሚሠራ ከሆነ የሞተሩን ፑሊ (ቺንጋው የሚዞርበትን ጎማ) ዲያሜትር በ4 በመቶ ያሳንሱ። ኃይሉ በፍጥነቱ ኪዩብ ስለሚቀንስ አራት በመቶ ፍጥነት ትርፉን ጭነት ሁሉ ያነሳል፤ የሚጠፋው አየር ግን 4 በመቶ ብቻ ነው። ለፕሬሱ 600 ኪዩቢክ ሜትር በሰዓት የሚስብ 100 ሚሊሜትር ቱቦ ካለዎት ፍጥነቱ ከ21 ወደ 20 ሜትር በሰከንድ ይወርዳል፤ ዱቄቱ ቱቦው ውስጥ ሳይተኛ ለመሄድ ይበቃዋል። የማጣሪያ ከረጢቶቹ በዝውውሩ ጊዜ ተቀይረው ከሆነም ይመልከቱ። አዲስ ከረጢት መቋቋሙ አነስተኛ ስለሆነ ፋኑ ከታሰበው በላይ አየር ይስባል፣ አምፔሩም ይጨምራል። የአቧራ ሽፋን እስኪይዙ ድረስ ዋናውን ዳምፐር (የአየር መዝጊያ) ትንሽ ጠበብ ያድርጉት።

አሁን ወደ ግፊቱ። ክፍሉ 90 ኪዩቢክ ሜትር ነው፤ አየሩ በሰዓት 20 ጊዜ ቢቀየር 1,800 ኪዩቢክ ሜትር ይገባዋል። በሩ 90 ሴንቲሜትር በ2.10 ሜትር ሆኖ ከታች 6 ሚሊሜትር፣ በጎንና በላይ 2 ሚሊሜትር ክፍተት ቢኖረው የክፍተቱ ጠቅላላ ስፋት 156 ካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ በ15 ፓስካል ልዩነት ከኮሪደሩ 180 ኪዩቢክ ሜትር በሰዓት ያህል ያስገባል። ስለዚህ የሚወጣው ድምር 1,980 መሆን አለበት፦ 600 በመምጠጫው፣ 1,380 በመልስ ደክቱ (አየሩን ከክፍሉ በሚመልሰው ቦይ)። ፕሬሱ ሲቆም ኦፕሬተሩ መምጠጫውንም ያጠፋዋል። ያን ጊዜ 1,800 ይገባል፣ 1,380 ይወጣል፤ የተረፈው 420 በበሩ ሥር ወደ ኮሪደር ይወጣል። በስሌት ክፍሉ ከኮሪደሩ በ80 ፓስካል ይበልጣል። በተግባር የፋኖቹና የደክቶቹ ፍሰት ከግፊቱ ጋር ስለሚለወጥ ቁጥሩ ያንሳል፤ አቅጣጫው ግን መገልበጡ አይቀርም። የመድኃኒት ዱቄት ኮሪደር ላይ፣ ከዚያም ሌላ ምርት ክፍል ውስጥ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ገንዘብ አያስፈልግም። ክፍሉ ባዶ ሳለ መምጠጫውን ያብሩ፣ ያጥፉ፣ ማግነሄሊኩን (የግፊት ልዩነት መለኪያውን) ይመልከቱ። መርፌው ከመምጠጫው ጋር አብሮ ከዘለለ ምክንያቱ ተገኝቷል። ካልዘለለ የግፊት መለኪያዋን ቀጭን ቱቦ ይከተሉ፤ ጣሪያ ላይ በሠራተኛ እግር ተረግጣ ወይም ከፓነሉ ጀርባ ወልቃ ልትገኝ ትችላለች።

መፍትሔው መምጠጫውን ከፕሬሱ ማላቀቅና ከአየር ማዕከሉ (ለክፍሉ አየር ከሚያዘጋጀው ማሽን) ጋር ማሰር ነው፤ የክፍሉ አየር እስካለ ድረስ መምጠጫው ይዞራል። ሲነሳ መምጠጫውና የመልስ ፋኑ ይቀድማሉ፣ ሲቆም የማስገቢያ ፋኑ ይቀድማል። መምጠጫው በብልሽት ከቆመ ፕሬሱ ወዲያው ይቁም፣ ማስጠንቀቂያ ይጩህ። ለጽዳት ቱቦው ከፕሬሱ ሲነቀል አየሩ እንዳይጨምር ቅርንጫፉ ላይ ቋሚ ፍሰት የሚይዝ ቫልቭ ይግጠሙ። የበሩ መከፈት ብቻ ማንቂያ እንዳያስጮህ 30 ሰከንድ መዘግየት ይስጡት።

እዚህ ላይ ተቋራጮች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ነገር አለ። መምጠጫው በሰዓት የሚያወጣው 600 ኪዩቢክ ሜትር ከሕንፃው ይወጣል፤ ስለዚህ የንጹሕ አየር ማስገቢያው በዚያው መጠን ካልሰፋ ክፍሎቹ ሁሉ አየር ያጥራቸዋል፣ የኮሪደሩም ግፊት ይወድቃል። ውጭው 36 ዲግሪ ሲሆን ያን አየር ወደ 24 ማውረድ 2 ኪሎዋት ያህል ማቀዝቀዣ ይጠይቃል። ትልቅ ቺለር የሚያስገዛ ጭነት አይደለም።

በሩን ሙሉ በሙሉ አያሽጉት። የሚያንጠባጥበው አየር በጣም ካነሰ ትንሽ የፍሰት ለውጥ ግፊቱን በአሥር ፓስካሎች ያዘልለዋል። የሚታሸጉት በጣሪያ ፓነሉ ውስጥ ለአዲሱ መስመር የተበሱት የኬብልና የቧንቧ ቀዳዳዎች ናቸው፤ ለእነሱ ሻጋታ የማይዘውን ሲሊኮን ይጠቀሙ።

እርጥበቱ ከቺለሩ ጋር ይያያዛል፣ ግን ከመጠኑ ይልቅ ከሚሰጠው ውሃ ሙቀት ጋር። ክፍሉ 24 ዲግሪ፣ 50 በመቶ እንዲሆን የአየሩ ጤዛ ነጥብ (እርጥበቱ ጤዛ መሆን የሚጀምርበት ሙቀት) 13 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት፤ ለዚህ ቺለሩ 7 ዲግሪ ውሃ ሊሰጥ ይገባል። ለአዲስ አበባ ቀዝቃዛ ቀን የተመረጠ ኮንደንሰር (ቺለሩ ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚተፋበት ክፍል) በድሬዳዋ ቀትር ሙቀቱን ማስወጣት ሲያቅተው ውሃው ወደ 11 እና 12 ይወጣል። ጤዛ ነጥቡ 15.5 ሲደርስ ክፍሉ 59 በመቶ ይሆናል፤ እርስዎ የነገሩን ቁጥር ነው። ያን ጊዜ ቴርሞስታቱን ወደ 20 ዝቅ ማድረግ ነገሩን ያባብሰዋል፦ ውሃው ከአየሩ ሳይወጣ አየሩ ብቻ ስለሚቀዘቅዝ እርጥበቱ ወደ 75 በመቶ ይወጣል። ኦፕሬተሮቹ ቴርሞስታቱን እንዳይነኩት ያድርጉ።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት በየሰዓቱ የቺለሩን መግቢያና መውጫ ውሃ፣ ኮንደንሰሩ የሚስበውን አየር ሙቀትና የጋዙን ከፍተኛ ግፊት ይመዝግቡ። ኮንደንሰሩ የሚስበው አየር ከጥላው ሙቀት በ5 ዲግሪ ከበለጠ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ እየጠጣ ነው፤ ከግንቡ ያርቁት ወይም የሚተፋውን አየር ወደ ላይ የሚመራ መከለያ ይሥሩለት። ክንፎቹን ከውስጥ ወደ ውጭ ያጥቡ፤ የአሸዋና የሲሚንቶ አቧራ በደንብ ይደፍናቸዋል። ኮንደንሰሩን ለማቀዝቀዝ ዘወትር በላስቲክ ቱቦ ውሃ መርጨትን ግን እንቃወማለን። የድሬዳዋ የጉድጓድ ውሃ ካልሲየም ስለሚበዛበት ውሃው ሲተን ክንፎቹ ላይ ነጭ ድንጋይ ይተዋል፣ ያም ኮንደንሰሩን ይገድለዋል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ውሃው በቀትር ከ8 ዲግሪ በታች ካልወረደ ያን ጊዜ ስለ ቺለር እንነጋገር፤ አቅራቢውም አቅሙን በ42 ዲግሪ የውጭ ሙቀትና በ1,200 ሜትር ከፍታ በጽሑፍ ይስጥ።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሁለቱን ድርጅቶች የመሣሪያ መለያ ቁጥሮች ያስታርቁ። ሁለቱም «ፋን 03» ካላቸው አንዱ ቴክኒሻን የተሳሳተውን ያጠፋል፤ የካሊብሬሽን (የመለኪያዎች ልክ ማረጋገጫ) መዝገቡም ይምታታል። ለአንድ ሕንፃ አንድ የቁጥር ሥርዓትና አንድ ወቅታዊ ሥዕል ብቻ ይኑር፤ የቀድሞው ቁጥር በመዝገቡ ጎን ይቀመጥ። ከላይ የተባለው ለውጥ ሁሉ በለውጥ ቁጥጥር ሰነድ ይግባ። የማምረቻ ቦታና የአየር ሥርዓት ለውጥ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚቆጣጠረው ጉዳይ ስለሆነ የጥራት ክፍሉ ከጅምሩ ያሳውቅ።

ከማስተካከያው በኋላ ግፊቱን በሦስት ሁኔታ ይለኩ፦ ፕሬሱ ሲሠራ፣ ሲቆም፣ ቱቦው ለጽዳት ሲነቀል። በሦስቱም በበሩ ሥር የተለቀቀ ጭስ ወደ ክፍሉ መግባት አለበት። ክፍሉ አይኤስኦ 8 (የአየር ንጽሕና ደረጃ) ከሆነ 0.5 ማይክሮን እና ከዚያ በላይ የሆኑ ቅንጣቶች በኪዩቢክ ሜትር ከ3,520,000 መብለጥ የለባቸውም። የሙቀትና የእርጥበት ምዝገባው ቢያንስ አንድ ሙሉ ሳምንት ይቀጥል፣ ሞቃቱንና ዝናባማውን ቀን እንዲይዝ።

አንድ ነገር ግን ጥገናውን ሳይጠብቅ ዛሬ ይደረግ። ግፊቱ በተገለበጠባቸው ሰዓታት በዚያ ክፍልም ሆነ በአጎራባቾቹ የተመረቱትን ባቾች (በአንድ ዙር የተመረቱ ምርቶች) ለጥራት ክፍሉ በዝርዝር ይስጡ፤ ተመርምረው እስኪያበቁ ከመጋዘን አይውጡ። የኮሪደሩ ወለልና የጎረቤት ክፍሎች የበር እጀታ በስዋብ (በናሙና መውሰጃ ጥጥ) ተጠርጎ የፕሬሱ መድኃኒት ቅሪት ይፈለግባቸው።