የሙዚየም ጉብኝት እንዴት ትምህርት ይሁን?

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ የሦስተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼን ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ልወስዳቸው አስቤአለሁ፤ ነገር ግን ባለፈው ጉብኝት ልጆቹ ከአንዱ መስታወት ወደ ሌላው ከመሮጥ በቀር የያዙት ነገር አልነበረም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ የተከበሩ መምህርት፣ ሙዚየሙን በሙሉ ለማሳየት ባይሞክሩ ይመረጣል፤ ለዚህ ዕድሜ የጥንታዊ የሰው ዘር ቅሪተ አካላት የሆኑት ድንቅነሽ (ሉሲ) እና ሰላም ይበቃሉ። ከጉብኝቱ በፊት ባለው ሳምንት፣ ድንቅነሽ 1 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት እንደነበራት ነግረው በዚያው ልክ ገመድ ያስቆርጧቸውና እያንዳንዱ ልጅ ከራሱ ቁመት ጋር ያስተያየው፤ ብዙዎቹ እንደሚበልጧት ሲያዩ የሂሳቡ ሥራ ራሱ ጥያቄ ይወልዳል። የተገኘችበትን ሐዳርንም በአፋር ካርታ ላይ ይፈልጉ። የድንቅነሽን ዕድሜ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚለውን ቁጥር፣ ልጆች በቀላሉ ስለማይጨብጡት ብዙ አይድከሙበት። ሰላም ግን በሦስት ዓመቷ ገደማ የሞተች ሕፃን በመሆኗ፣ በእኔ ግምት ይበልጥ ልባቸውን የምትይዘው እርሷ ናት። በአዳራሹ ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ ከድንቅነሽ አንድ አጥንት ብቻ መርጦ ይሣል (ለሕዝብ የሚታየው ቅጂ መሆኑን አስቀድመው ቢነግሯቸው መልካም ነው)። በማግስቱ ሥዕሎቹን እንደ አጽሙ አሰላለፍ በግድግዳ ላይ ያስደርድሯቸው፤ የተገኘው 40 በመቶ ያህሉ ብቻ ስለሆነ፣ በባዶው ቦታ ምን እንደነበረ ልጆቹ ራሳቸው ይከራከሩበት።