እግር ላጣ ሹፌር ባለ ማርሽ መኪና ማስማማት፦ ጥያቄና መልስ

መኪና ለአካል ጉዳተኛ ሹፌር ማስማማት የምሠራው ሥራ ነውና የደረሱኝን ጥያቄዎች በተቻለኝ መጠን እመልሳለሁ። አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ስትጠይቁ የተቆረጠው የትኛው እግር እንደሆነ፣ ከጉልበት በላይ ይሁን በታች፣ ጻፉልኝ። ያለዚህ የሚሰጥ መልስ ሊያሳስት ይችላል።

ግራ እግሬ ከጉልበት በታች ነው የተቆረጠው። ደሴ ሰው ሠራሽ እግር ተሠርቶልኝ በደንብ እራመድበታለሁ። ባለ ማርሽ መኪና መንዳት እችላለሁ?

ብዙ ጊዜ ይቻላል፣ መኪናው ላይም ምንም ሳይነካ። ፍሪሲዮን (ማርሽ ሲቀየር ሞተሩን ከጎማው የሚለየው የግራ ፔዳል) የሚረገጠው በጭንና በጉልበት ኃይል ነው፤ እሱ አለህ። የጎደለህ የቁርጭምጭሚት እንቅስቃሴና ስሜት ነው። ፔዳሉ የት እንደደረሰ እግርህ አይነግርህም፤ ጭንህ ላይ በሚሰማህ ግፊትና በሞተሩ ድምፅ መለየት ትለምዳለህ። ወንበሩን ከድሮው ትንሽ ወደ ፊት አስጠጋ። ጠንካራ ሶል ያለውና የማያንሸራትት ጫማ አድርግ፣ ነጠላ ጫማ ግን ይቅርብህ። ሞተሩን አጥፍተህ ደጋግመህ እየረገጥህ ልቀቅ፤ የጫማው ጫፍ ፔዳሉ ሥር የሚሰነቀር ከሆነ ያኔ ታየዋለህ። በመኪና ግፊያ ውስጥ ብዙ ስትቆይ ሰው ሠራሹ እግር ውስጥ የሚገባው የእግርህ ጫፍ በላብ ሊቆስል ይችላልና እረፍት ውሰድ።

የእኔ ግራ እግር ከጉልበት በላይ ነው። ባለ ማርሽ ኮሮላ አለኝ፤ ሁሉም ሽጠው ይሉኛል።

ወደ አውቶማቲክ መኪና ለመቀየር የዋጋ ልዩነቱን የምትችለው ከሆነ እኔም ሽጠው እላለሁ። ግራ እግሩን ያጣ ሰው አውቶማቲክ መኪና ሲይዝ የሚጨመር ነገር የለም፤ ቀኝ እግር ነዳጁንም ፍሬኑንም ይሠራል።

መሸጥ ካልቻልክ ፍሪሲዮኑን ከእግር ወደ እጅ ማዛወር ይቻላል። በጣም የሚመቸው የኤሌክትሪኩ ነው። ማርሽ መቀየሪያው ላይ ቁልፍ ይገጠማል፤ ስትጫነው ትንሽ ሞተር ፍሪሲዮኑን ይስብልሃል፣ ስትለቀው የሞተሩን ዙር እያየ ቀስ አድርጎ ይለቃል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ምሥራቅ ጀርመን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ግራ እግር ለሌላቸው ሹፌሮች ሃይኮማት የሚባል፣ የፍሪሲዮን ፔዳል የሌለው ትራባንት ታመርት ነበር። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የስዊድኑ መኪና አምራች ሳብም ሴንሶኒክ ብሎ ለማንኛውም ገዢ ባለ ማርሽ መኪናውን ያለ ፍሪሲዮን ፔዳል ሸጧል። የዛሬው ዕቃ ከውጭ ነው የሚመጣው። ከመግዛትህ በፊት የመኪናህ ፍሪሲዮን ባለ ኬብል ይሁን ባለ ዘይት እይና ለሻጩ ንገረው፤ አገጣጠሙ ይለያያል።

ለላይኛው መልስ፦ ሰፈራችን ያለ መካኒክ የሞተር ሳይክል የፍሪሲዮን እጀታ ገጥሜ እሠራልሃለሁ አለኝ። ይሆናል?

የሞተር ሳይክሉ እጀታ አይሆንም። ምክንያቱን ረዘም አድርጌ ላስረዳ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነውና።

የመኪና ፍሪሲዮን ፔዳል ወደ 12 ወይም 15 ሴንቲሜትር ይወርዳል፤ እግር የሚጫነውም 10 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ በሚሆን ኃይል ነው። የሞተር ሳይክል እጀታ ኬብሉን የሚስበው 1 ሴንቲሜትር አካባቢ ብቻ ነው፤ የመኪናው ኬብል ደግሞ ከ2 ሴንቲሜትር በላይ መሳብ ይፈልጋል። ስለዚህ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለይም። ማርሹ እየጮኸ ይገባል፣ የፍሪሲዮኑ ሸራ ቶሎ ያልቃል፣ ቀይ መብራት ላይ ቆመህ መኪናው ወደ ፊት ይገፋሃል። እጀታውን ለማቅለል ብትሞክር ደግሞ የሚስበው ርቀት ይበልጥ ያጥራል።

በእጅ የሚሠራ ሜካኒካል ከሆነ ረጅም ዘንግ ያስፈልጋል፤ ጎበዝ ቶርኖ ቤት ሊሠራው ይችላል። ግን እነዚህን አስጠብቅ፦ ዋናው ፔዳል አይነሳ፤ ሌላ ሰውም መኪናውን መንዳት መቻል አለበት። መሪው ዘንግ ላይ ምንም አይበየድ። ኬብሉ ቢበጠስ ፍሪሲዮኑ ተለቅቆ ይቅር እንጂ ተረግጦ እንዳይቀር። ከሁሉም በላይ ፍሬኑን ማንም አይንካው። ፍሪሲዮን ቢበላሽ ሞተሩ ይጠፋል፤ ፍሬን ሲበላሽ ሰው ይሞታል።

ዳገት ላይ እንዴት ነው የሚነሳው? ከቸርችል ወደ ፒያሳ ስወጣ እፈራለሁ።

ፍርሃትሽ ተገቢ ነው። በእጅ ፍሪሲዮን ሲሆን ቀኝ እጅሽ ማርሹም ፍሪሲዮኑም ላይ ስለሆነ የእጅ ፍሬኑን የሚይዝልሽ እጅ የለም። ቀኝ እግርሽን ፍሬን ላይ አድርገሽ ፍሪሲዮኑን በእጅሽ በጣም ቀስ ብለሽ ልቀቂ፤ ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መኪናው መያዝ ሲጀምር እዚያው አቁመሽው እግርሽን ወደ ነዳጅ አሻግሪ። ጭር ያለ ቀላል ዳገት ላይ፣ ከጎንሽ የእጅ ፍሬን የሚይዝ ሰው ተቀምጦ ተለማመጂ። ይህ እጅሽ ውስጥ እስኪገባ ቸርችልን ተዪው።

ቀኝ እግሬን ነው ያጣሁት። እኔስ?

ይህ ከባዱ ነው። ግራ እግርህ ነዳጅንና ፍሬንን መሥራት ስላለበት ፍሪሲዮን ሊጨመርበት አይችልም። አውቶማቲክ መኪና ይዘህ ከፍሬኑ በስተግራ ሁለተኛ ነዳጅ መስጫ ማስገጠም ነው የምመክርህ። ዕቃው ጥሩ ከሆነ የግራው ሲወርድ የቀኙ ይታጠፋል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ክፍት መሆን የለባቸውም። ግራ እግር ለዓመታት የለመደው ፍሪሲዮንን እስከ ታች መርገጥ ነውና መጀመሪያ ላይ ፍሬኑን በኃይል ይደፈጥጠዋል፤ ሜዳ ላይ ሳትለማመድ መንገድ አትውጣ።

ሁለቱንም እግር ያጡ ነዳጅንም ፍሬንንም በእጅ ይሠራሉ። በ2001 (እ.ኤ.አ.) በውድድር አደጋ ሁለት እግሩን ያጣው ጣሊያናዊ የመኪና ተወዳዳሪ አሌክስ ዛናርዲ በ2005 (እ.ኤ.አ.) በተስማማለት ቢኤምደብሊው የዓለም ቱሪንግ መኪና ሻምፒዮና ውስጥ አንድ ውድድር አሸንፏል። ያ መኪና ግን በባለሙያዎች ለእሱ ብቻ ተብሎ የተዘጋጀ ነው።

አባቴ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። በስኳር ምክንያት ቀኝ እግሩ ተቆረጠ። ወደ ሥራው መመለስ ይፈልጋል።

እህቴ፣ ወደ አይሱዙ እንዲመለሱ አልመክርም። ስኳር የቀረውን እግርም ሊያደነዝዝ ይችላል፤ ፍሬን የሚረግጥ እግር ስሜቱ መመርመር አለበት። ስኳር በድንገት መውረዱም መሪ ላይ ላለ ሰው አደጋ ነው። ሐኪማቸው ከፈቀደ በተስማማ የቤት አውቶሞቢል መጀመር ይችላሉ።

ጀርመን ነው የምኖረው። እዚህ ምን ይጠየቃል?

የተገጠመው ዕቃ በቴክኒክ ተቋም ታይቶ በመኪናው ሰነድ ላይ ይሰፍራል፤ መንጃ ፈቃድህ ላይም ቁጥር ይጻፋል። በአውሮፓ ኅብረት 15.02 በእጅ የሚሠራ ፍሪሲዮን፣ 15.03 አውቶማቲክ ፍሪሲዮን፣ 78 ደግሞ አውቶማቲክ ብቻ ማለት ነው። 78 ከተጻፈብህ ባለ ማርሽ መንዳት አትችልም፤ ስለዚህ ፈተናውን በየትኛው መኪና እንደምትወስድ አስቀድመህ ወስን።

እዚህ አገር ቤትስ? ገጥሜ ዝም ብዬ ብነዳ?

አታድርገው። መጀመሪያ መንጃ ፈቃድ የሰጠህ ቢሮ ሄደህ የሕክምና ማስረጃህን አሳይ፣ ለኢንሹራንሱም በጽሑፍ አሳውቅ። አደጋ ቢደርስ ያልተነገረው ለውጥ ካሳ ላለመክፈል ምክንያት ሊሆን ይችላል። ዓመታዊ ምርመራ ስትሄድም የዕቃውን ወረቀት ያዝ።

የኤሌክትሪክ መኪና ይሻላል የሚሉ አሉ።

ግራ እግር ላጣ ሰው በጣም ይሻላል። ፍሪሲዮን የለውም፣ ማርሽ አይቀየርም፣ ነዳጅ መስጫውን ስትለቅ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ገበያው ውስጥም በርክቷል። ቀኝ እግር ላጣ ግን የግራ መስጫው አሁንም ያስፈልጋል።

ከተቆረጠ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው የሚነዳው?

ቁስሉ ድኖ፣ ሰው ሠራሹ እግር ልክ ሆኖ፣ ሐኪም ሲፈቅድ ነው። የሌለው እግር እንዳለ ሆኖ መሰማቱ የተለመደ ነው፤ በድንጋጤ ጊዜ አእምሮ በዚያ በሌለው እግር ለመርገጥ ያዛል። ስለዚህ ከመንገድ በፊት አንድ ሰው ከጎንህ ተቀምጦ ሳታስበው «ቁም!» እያለህ ድንገተኛ ፍሬን ተለማመድ። አሁንም ያ እግር የሚቀድምህ ከሆነ ገና ነህ።